የአረጋውያን የቤት ለቤት እንክብካቤ በኮልፌ ቀራንዮ፦ የመንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ሚና

የአረጋውያን የቤት ለቤት እንክብካቤ ዕድሜያቸው 60 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ፣ ጧሪ ለሌላቸው ወይም አልጋ ለያዙ ሰዎች ከቤታቸውና ከጎረቤታቸው ሳይለዩ የሚሰጥ የአካል፣ የጤናና የማኅበራዊ ኑሮ ድጋፍ ነው። አረጋውያንን በአንድ ግቢ ሰብስቦ ከሚጦረው፣ ለምሳሌ በ2002 ዓ.ም. ከተመሠረተው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል አሠራር የሚለየው በዚሁ ነው። በምዕራብ አዲስ አበባ በሚገኘው ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ አገልግሎቱን በማደራጀት መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ጉልህ ድርሻ አላቸው።

አካባቢውና አረጋውያኑ

ኮልፌ ቀራንዮ በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከ428 ሺህ በላይ ነዋሪ የተመዘገበበት፣ በወቅቱ ከነበሩት አሥር ክፍለ ከተሞች በሕዝብ ብዛት ቀዳሚው ነበር። ከአጠና ተራ እስከ ዘነበወርቅ፣ ከአየር ጤና እስከ ካራ ቆሬ ባሉት ሰፈሮች በቀን ሥራ፣ በጉሊት ንግድና በቤት ሠራተኝነት ዕድሜያቸውን የጨረሱ ብዙ ሰዎች ይኖራሉ። እነዚህ ሰዎች ጡረታ የላቸውም። የጡረታ ሕጉ ለረጅም ዘመን የሚሸፍነው የመንግሥት ሠራተኛውን ነበር፤ የግል ድርጅት ተቀጣሪዎች ጡረታ የታወጀው በ2003 ዓ.ም. ሲሆን መደበኛ ቅጥር የሌለውን በግዴታ አይሸፍንም።

ዘነበወርቅ ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። የሥጋ ደዌ ሕክምና ለማግኘት ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1965 በተቋቋመው አለርት ማዕከል ዙሪያ ኑሮ መሥርተው አርጅተዋል። ብዙዎቹን መገለል ከዘመድ ስለለያቸው «ቤተሰብ ይጦራል» የሚለው የተለመደ አስተሳሰብ እዚህ አይሠራም።

አጀማመር

የአገልግሎቱ መሠረት እድር ነው። ሰው ሲሞት የሚደርሰው እድር፣ ሰው በሕይወት ሳለም እንዲደርስለት ያደረገው የኤች አይ ቪ ወረርሽኝ ነው። በ1990ዎቹ በአዲስ አበባ እድሮች ከመንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ጋር ሆነው ከየሰፈሩ በጎ ፈቃደኞችን መርጠው፣ አሠልጥነው ወደ ሕሙማን ቤት መላክ ጀመሩ። ወላጆች በሞቱባቸው ቤቶች የልጅ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ አያቶች ሲገኙ ደግሞ የአረጋውያን ችግር ጎልቶ ወጣ። በኮልፌ ቀራንዮ ከእድሮች ኅብረት የተነሣው ተስፋ የማኅበራዊና የልማት ማኅበር በዚህ መንገድ አረጋውያንን በቤታቸው ሲደግፉ ከቆዩ አገር በቀል ማኅበራት አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የተመሠረተው ሄልፕኤጅ ኢንተርናሽናልም በኢትዮጵያ ከአገር በቀል ድርጅቶችና ከአረጋውያን ማኅበራት ጋር ሠርቷል።

አሠራር

አገልግሎቱን የሚሰጠው ድርጅት ከእድርና ከወረዳ ጋር ሆኖ ተረጂዎችን ይለያል፤ በጎ ፈቃደኛዋም በተመደበችላት ቤት በየሳምንቱ ትመላለሳለች። ሥራዋ ገላ ማጠብ፣ ልብስና አንሶላ ማጠብ፣ ምግብ ማብሰል፣ ውኃ መቅዳት፣ ጥፍር መቁረጥና መድኃኒት በሰዓቱ መወሰዱን ማየት ነው። አልጋ ለያዘ ሰው ቤተሰቡን ወይም ጎረቤቱን በየሁለት ሰዓቱ እንዲያገላብጡት ታስተምራለች፤ ካልተገላበጠ ወገቡና ተረከዙ ይቆስላል። በሥጋ ደዌ እጅና እግራቸው የደነዘዘ እናት ዘንድ ስትሄድ መጀመሪያ የምታየው ውስጥ እግራቸውን ነው። የጋለ ጀበና ሲያነሡ ወይም ጠጠር ሲረግጡ አይሰማቸውምና፣ እግሩን በውኃ ዘፍዝፎ ቅባት መቀባት ቁስልን አስቀድሞ ይከላከላል።

ሌላው ሥራ ደጅ መጥናት ነው። የቀበሌ ቤት ጣሪያ ሲያፈስ፣ የጤና መድን መታወቂያ ሲታደስ፣ የድጋፍ ደብዳቤ ሲያስፈልግ አቅመ ደካማውን ወክሎ ወረዳ የሚመላለስ ሰው ያሻል። በ2009 ዓ.ም. የተጀመረው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት መሥራት ለማይችሉ አረጋውያን ያለ ሥራ ግዴታ ቀጥታ ድጋፍ ይሰጣል፤ በ2002 ዓ.ም. የተጀመረው የከተማ ጤና ኤክስቴንሽንም ባለሙያዎችን ወደየቤቱ ያሰማራል። ነገር ግን ከአልጋ የማይነሣ ሰው ካልተመዘገበ ሁለቱም አይደርሱትም። ድርጅቶቹ ከሚያበስሉት ምግብ ባልተናነሰ የሚጠቅሙት ይህን ክፍተት በመዝጋት ነው።

የሕግ ማዕቀፍ

የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41(5) መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዛል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ልጆች ችግር ላይ ለወደቁ ወላጆቻቸው ቀለብ የመስጠት ግዴታ እንዳለባቸው ይደነግጋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የጸደቀውን የአፍሪካ አረጋውያን መብቶች ፕሮቶኮልም ኢትዮጵያ ተቀብላዋለች።

የድርጅቶቹን እጅ ያሰረው አዋጅ ቁጥር 621/2001 ነበር። ለአስተዳደር ከ30 በመቶ በላይ እንዳይወጣ ሲገድብ መጓጓዣንና ሥልጠናን የመሰሉ ወጪዎች በአስተዳደር ይመደቡ ስለነበር፣ ዋና ወጪው ሰው ማሠልጠንና ማመላለስ ለሆነው የቤት ለቤት አገልግሎት አስቸጋሪ ሆኖ ቆየ። የተካው አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ጣሪያውን 20 በመቶ ቢያደርገውም ከፕሮጀክት ሥራ ጋር የተያያዘን ወጪ ከአስተዳደር ለይቶታል።

ተግዳሮቶች

ዋናው ችግር የፕሮጀክት ዕድሜ ነው። የለጋሽ ገንዘብ ለተወሰኑ ዓመታት ይመጣና ያልቃል፤ እርጅና ግን እየከበደ ይሄዳል። በጎ ፈቃደኞቹ አብዛኞቹ ራሳቸው ችግረኛ ሴቶች በመሆናቸው የትራንስፖርት አበል ሲቋረጥ መመላለስ ያቅታቸዋል። ጓንት፣ ሳሙናና ለሽንት መቆጣጠር ችግር የሚያገለግል ዳይፐር ዋጋቸው ይከብዳል። የመርሳት በሽታ ያለበትን ሰው ለመንከባከብ የሠለጠነ ሰው ጥቂት ነው። ሰፈር በልማት ሲነሣ ደግሞ አረጋዊው ቤት ቢያገኝም ውኃ የሚያቀብለውን ጎረቤትና እድሩን በአንድ ጊዜ ያጣል።

ስለዚህ የአንድ ድርጅት ሥራ መመዘን ያለበት ፕሮጀክቱ ሲዘጋ በሚተወው ነገር ነው። የሠለጠኑ በጎ ፈቃደኞችን ለእድር፣ የተረጂዎችን መዝገብ ለወረዳ፣ የሕሙማኑን ክትትል ለጤና ጣቢያ ካስረከበ እንክብካቤው የመቀጠል ዕድል ይኖረዋል። እድሮች ከወርሃዊ መዋጮ ጥቂት ለጧሪ አልባ አባሎቻቸው ቢመድቡ፣ የከተማው አስተዳደርም ለተንከባካቢዎች ቋሚ አበል ቢይዝ፣ በኮልፌ ቀራንዮ አርጅቶ በክብር መኖር የለጋሽ በጀት ሲገኝ ብቻ የሚታሰብ ነገር አይሆንም።