የግሪንላንድ ግግር በረዶ ሙቀትና መቅለጥ የተለካበት ታሪክ

ግሪንላንድን የሸፈነው ግግር በረዶ 1.7 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ሲኖረው፣ ውፍረቱ በመካከሉ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። ፈጽሞ ቢቀልጥ የዓለምን ባሕር ወለል በ7 ሜትር ገደማ ከፍ እንደሚያደርግ ተሰልቷል። ስለሆነም በረዶው የትና መቼ እንደሚቀልጥ ማወቅ በባሕር ዳርቻ ለሚኖር ሕዝብ ሁሉ የህልውና ጉዳይ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህ ዕውቀት በምን መንገድ እንደተገኘ ለማስረዳት ይሞከራል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያዎቹ ልኬቶች የተገኙት በብዙ ድካም፣ አንዳንዴም በሕይወት ዋጋ ነበር። በ1930 በጀርመናዊው ሳይንቲስት በአልፍሬድ ቬጌነር የተመራው የጥናት ጓድ በግግሩ መካከል አይስሚተ የተባለ ጣቢያ አቋቋመ። ሦስት ተመራማሪዎች በረዶውን ቆፍረው ባዘጋጁት ዋሻ ውስጥ የብርዱን ወራት እየለኩ ሲያሳልፉ፣ ቬጌነር ከጣቢያው ሲመለስ በመንገድ ላይ ሞተ። ከ1952 እስከ 1955 ድረስ ደግሞ አሜሪካዊው ካርል ቤንሰን በየሥፍራው ጉድጓድ እየቆፈረ፣ በረዶው ደረቅ ሆኖ የሚቆይባቸውንና የሚቀልጥባቸውን ቀጠናዎች ለይቶ አሳየ። ይሁን እንጂ ቴርሞሜትር የሚናገረው ስለ ተቀመጠበት ቦታ ብቻ በመሆኑ፣ የቀረው ሰፊ ምድር ሳይለካ ቆየ።

ይህን ችግር ያቃለሉት ሳተላይቶች ናቸው። በ1978 የመጠቀችው ኒምበስ 7 ከበረዶው የሚወጣውን የማይክሮዌቭ ጨረር መለካት ጀመረች፤ ከ1987 ወዲህ ሌሎች ሳተላይቶች ሥራውን ቀጥለዋል። ደረቅ በረዶ ጥቂት ውኃ ሲገባበት የሚሰጠው ጨረር በድንገት ስለሚጨምር መቅለጡ ይታወቃል። ማይክሮዌቭ ደመናንም ሆነ ጨለማን ያልፋል። በ1999 የመጠቀችው ቴራ ደግሞ በታህተ ቀይ ጨረር አማካይነት የገጹን ሙቀት በተሻለ ዝርዝር ትለካለች፤ ነገር ግን ደመና ይጋርዳታል። በተጨማሪም የምትለካው የበረዶውን ገጽ እንጂ ከላዩ ያለውን አየር ስላልሆነ፣ ውጤቷ ከጣቢያ ቴርሞሜትር ጋር ሁልጊዜ እኩል አይሆንም።

የዘዴዎቹ ተደጋጋፊነት በሐምሌ ወር 2012 ተፈተነ። በወሩ 8ኛ ቀን መቅለጥ የታየው በግግሩ ገጽ 40 በመቶ ገደማ ላይ ነበር፤ በ12ኛው ቀን ግን 97 በመቶ ደረሰ። በሕንድ ሳተላይት ራዳር ውጤቱን በመጀመሪያ ያዩት ተመራማሪ የመሣሪያ ስህተት እንዳይሆን ተጠራጥረው ነበር። ሆኖም በታህተ ቀይና በማይክሮዌቭ የሚለኩ ሌሎች ሳተላይቶች ያንኑ አረጋገጡ። በግግሩ አናት ላይ ከተቆፈረ የበረዶ ዓምድ እንደታወቀው፣ በዚያ ሥፍራ ተመሳሳይ መቅለጥ ከዚያ በፊት የደረሰው በ1889 ነበር።

እዚህ ላይ መምህራን ሊያስተውሉት የሚገባ ነጥብ አለ። 97 በመቶ ማለት ገጹ ረጠበ ማለት እንጂ ግግሩ አለቀ ማለት አይደለም፤ በከፍታው ላይ የቀለጠው አብዛኛው ውኃ ተመልሶ ረግቷል። ቁጥርን ያለ አለካኩ የሚያስተምር መምህር ተማሪውን ወይ ያለ ምክንያት ያስደነግጠዋል፣ ወይም እውነተኛውን አደጋ ያስንቀዋል። ስለዚህ ተማሪው «ስንት ነው?» ከማለቱ በፊት «ምን ተለካ? በምንስ ተመሳከረ?» ብሎ መጠየቅን ሊለምድ ይገባዋል።