የላፕቶፕ ባትሪ ቆጣሪ ለምን ይዋሻል?

ባለፈው ክረምት ነው። ቢሯችን ከጠዋት ጀምሮ መብራት አልነበረውም። እስከ ቀኑ 9 ሰዓት መላክ ያለበትን የጨረታ ሰነድ እየጨረስኩ ስለነበር አንድ ዓይኔ ጽሑፉ ላይ፣ ሌላው በስክሪኑ ጥግ ባለችው የባትሪ ምልክት ላይ ነበር። 34 በመቶ ትላለች። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል እንደቀረኝም ትነግረኛለች። ልቤ ረግቶ ቡና እንዲመጣልኝ አዘዝኩ። ቡናው ሳይደርስ ላፕቶፑ ድርግም ብሎ ጠፋ። ማስጠንቀቂያ የለ፣ ቻርጅ አድርግ የሚል መልእክት የለ። ሴቭ ያላደረግሁት የ40 ደቂቃ ሥራም አብሮት ሄደ።

በማግስቱ የወሰድኩለት ጠጋኝ ገልበጥ አድርጎ አየውና «ቦርዱ ነው፤ መፈታት አለበት» አለኝ። ዋጋውን ስሰማ ላፕቶፔን ብብቴ ሥር ከትቼ ወጣሁ። የኋላ ኋላ እንደተረዳሁት ቦርዱ ደህና ነበር። የተሳሳተው ቁጥሩ ነው። ይህን የምጽፈውም ሌላ ሰው ለጤነኛ ቦርድ ገንዘብ እንዳያወጣ ብዬ ነው።

የመኪና ነዳጅ ታንክ ውስጥ ተንሳፋፊ አለ፤ ነዳጁ ሲወርድ አብሮ ይወርዳል። ባትሪ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ያለው ትንሽ ቺፕ ነው። ሥራውም እንደ ባለሱቅ የዱቤ መዝገብ መያዝ ነው፦ ይህን ያህል ገባ፣ ይህን ያህል ወጣ፣ ስለዚህ ይህን ያህል ቀርቷል። «34 በመቶ» የሚባለው እንግዲህ ከመዝገብ የተሰላ ግምት ነው። በእያንዳንዱ ምዝገባ ላይ ጥቃቅን ስህተት ይኖራል፤ ሲጠራቀም ደግሞ ትልቅ ይሆናል።

ቺፑ ቮልቴጁን አይቶ ለምን አይታረምም? ይሞክራል። አንድ የሊቲየም ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ገደማ፣ ባዶ ሲሆን 3 ቮልት ገደማ ነው። ችግሩ መሃሉ ላይ ነው። ከመሙላትና ከማለቅ መካከል ባለው ረጅም መንገድ ቮልቴጁ እምብዛም አይለወጥም፤ 60 በመቶና 40 በመቶ ላይ ያለው ልዩነት በጣም ጥቂት ነው። ስለዚህ ቺፑ መዝገቡን በደንብ የሚያስተካክለው ባትሪው ጫፍ ሲነካ፣ በተለይ ሊያልቅ ሲቃረብ ነው። እኔ ደግሞ ላፕቶፔን ሁለት ዓመት ሙሉ ከሶኬት ሳልነቅል ነው የሠራሁበት። ባትሪው ሲያረጅ መዝገቡ አልሰማም።

ይህን ያወቅሁት ዊንዶውስ ራሱ ከሚያወጣው ሪፖርት ነው። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ያለ ነገር ነው፤ ገንዘብም ሆነ ተጨማሪ ፕሮግራም አይጠይቅም። ስታርት ላይ «ሲኤምዲ» ብለው ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ይክፈቱ። ከዚያ በእንግሊዝኛ ፊደል «ፓወርሲኤፍጂ» ብለው ይጻፉ፤ አንድ ክፍት ቦታ ይተዉ፤ ወደ ፊት ያዘመመውን ሰረዝ ያስገቡና «ባትሪሪፖርት» የሚለውን ሁለቱን ቃላት ሳይነጣጥሉ ጽፈው ኢንተር ይጫኑ። ፋይሉ የት እንደተቀመጠ ይነግርዎታል፤ በብራውዘር ይከፈታል። እዚያ ውስጥ ሁለት ቁጥሮችን ይፈልጉ፦ «ዲዛይን ካፓሲቲ» ባትሪው ሲሠራ የነበረውን አቅም፣ «ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ» ደግሞ ቺፑ ዛሬ አለ ብሎ የሚያምነውን አቅም ያሳያሉ። የእኔው 50,000 እና 46,000 ሚሊ ዋት ሰዓት ይል ነበር። ገና አዲስ ነው ማለት ነው! ከ46,000ው 66 በመቶ ወጥቶ ከጠፋ ግን እውነተኛው አቅም 30,000 ገደማ ነው። ዊንዶውስ የሚያስጠነቅቀውም፣ ሥራዎን አስቀምጦ የሚተኛውም ቁጥሩ ዝቅ ሲል ነውና፣ 34 በመቶ ላይ የሚያስደነግጠው ነገር አልነበረም።

የማክ ተጠቃሚዎች የኦፕሽንን ቁልፍ ተጭነው የአፕልን ምልክት ከነኩ በኋላ «ሲስተም ኢንፎርሜሽን» ውስጥ «ፓወር» የሚለውን ይመልከቱ። የባትሪው ሁኔታና ስንት ዙር ቻርጅ እንደተደረገ ተጽፏል። የቅርብ ዓመታት ማክቡኮች ባትሪ የሚገመተው ለ1,000 ዙር ነው።

ማስተካከያው ካሊብሬሽን ይባላል። እስከ 100 በመቶ ይሙሉት፤ ከሞላም በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል እንደተሰካ ይተዉት። ከዚያ ይንቀሉትና ቶሎ ተኛ የሚለውን ማስተካከያ አጥፍተው ቀላል ሥራ እየሠሩ ራሱ እስኪጠፋ ይጠብቁ። ጥቂት ሰዓታት ያሳርፉት። በመጨረሻ ሳያቋርጡ እንደገና 100 ያድርሱት። (ሳያቋርጡ ያልኩት ለእኛ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። መሃል ላይ መብራት ቢጠፋ እንደገና መጀመር ሊኖርብዎ ይችላል፤ እኔ ሁለት ጊዜ ጀምሬያለሁ።) ቲንክፓድ ካለዎት «ሌኖቮ ቫንቴጅ» የተባለው የአምራቹ ፕሮግራም ይህንን ሥራ በአብዛኞቹ ላይ ራሱ ይሠራልዎታል። እኔ ስጨርስ ሪፖርቱ 30,100 አለ። አሁን 5 በመቶ ሲደርስ አስጠንቅቆ ይተኛል፤ ሦስት ሰዓት ገደማም ያሠራኛል።

ልብ ይበሉ፣ ካሊብሬሽን ቁጥሩን እንጂ ባትሪውን አያድስም። እንዲያውም ሊቲየምን ባዶ እስኪሆን ማውጣት በራሱ ጥቂት ያስረጀዋል፤ ስለዚህ ቁጥሩ ሲያስቸግር ብቻ እንጂ በየሳምንቱ አይደረግም። «ባትሪ ሙሉ በሙሉ ሳያልቅ ቻርጅ አታድርግ» የሚባለው ምክር የድሮዎቹ የኒኬል ካድሚየም ባትሪዎች ውርስ ነው። ከካሊብሬሽን በኋላም 20 ወይም 30 በመቶ ላይ ድንገት የሚጠፋ ከሆነ የባትሪው የውስጥ ሬዚስታንስ ጨምሯል፣ ወይም አንዱ ሴል ደክሟል፤ ከባድ ሥራ ሲያዝዙት ቮልቴጁ ይወድቃል። ያኔ መለወጥ ነው። የመዳሰሻ ሰሌዳው ወደ ላይ ከተነሳ ወይም የታችኛው ክዳን ካበጠ ደግሞ ካሊብሬሽን የሚባል ነገር አይሞክሩ። አጥፍተው፣ ከሶኬት ነቅለው፣ ሳይጫኑትና ሳይበሱት ወደ ባለሙያ ይውሰዱት።

ብልሽት ሳይሆን ብልሽት የሚመስልም አለ። ባትሪው 60 ወይም 80 በመቶ ላይ ቆሞ አልሞላም ካለ፣ ብዙውን ጊዜ አምራቹ ዕድሜውን ለማራዘም ያስቀመጠው ገደብ ነው፤ በአምራቹ ፕሮግራም ወይም ባዮስ ውስጥ ይነሳል። ተሰክቶ እያለ ከቀነሰ ቻርጀሩን ይጠርጥሩ፤ 65 ዋት የሚፈልግ ላፕቶፕ በ45 ዋት ቻርጀር ከባድ ሥራ ላይ ከባትሪው ይበደራል። ዴሎች ደግሞ የቻርጀሩን ማንነት በመሃለኛዋ ቀጭን መርፌ ያነባሉ። እሷ ከታጠፈች ላፕቶፑ እየሠራ ባትሪው አይሞላም።

«ይህን ያህል ሰዓት ይቀራል» የሚለው ከመቶኛውም የባሰ ነው። የቀረውን ኃይል አሁን በሚበላው ያካፍላል፤ በቃ። 50 ዋት ሰዓት ያለው ባትሪ 10 ዋት እየበላ አምስት ሰዓት ይላል፤ የቪዲዮ ስብሰባ ሲከፍቱ ፍጆታው 20 ይገባና ሁለት ሰዓት ተኩል ይሆናል። አፕል እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2016 ይህን ግምት ከማክ ስክሪን አናት አንስቶታል። የዊንዶውስ ታስክ ማናጀር ላይ ያለው «ፓወር ዩሴጅ»ም ከፕሮሰሰር፣ ከግራፊክስና ከዲስክ እንቅስቃሴ የተገመተ ነው፤ ትልቁን በላተኛ፣ የስክሪኑን ብርሃን፣ በማንም ስም አይጽፍም። የተሻለው ራስዎ ማስላት ነው። አቅሙ 30 ዋት ሰዓት ሆኖ በአንድ ሰዓት የተለመደ ሥራ ከ80 ወደ 50 በመቶ ከወረደ 9 ዋት በልቷል።

ያገለገለ ላፕቶፕ ሲገዙ ሻጩ ብርሃኑን አደብዝዞ፣ ምንም ሳይከፍት «ስድስት ሰዓት ይላል፣ እየው» ቢልዎት በዚህ ምክንያት አይደነቁ። ሪፖርቱን አስወጡ። ሁለቱ የአቅም ቁጥሮች አንድ ዓይነት፣ የዙሩ ብዛትም ዜሮ ከሆነ ወይ ባትሪው አዲስ ነው ወይ ቺፑ መዝገብ አይዝም። ሴሉ ብቻ ተቀይሮ ቺፑ የቀረ ባትሪ ደግሞ የአሮጌውን ታሪክ ይዞ ይቀጥላል። ነቅለው ቪዲዮ ይክፈቱ፣ ብርሃኑን ከፍ ያድርጉ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ቁጭ ይበሉ። ሻጩ ከቸኮለ ሌላ ሱቅ አለ።