ኤአርፒሲ1ቢ እና የሰባት ቤት ቆጠራ

ኤአርፒሲ1ቢ በተለይ በደም ሕዋሳት ውስጥ የሚሠራ ፕሮቲን ነው፡፡ ብቻውን ግን አይሠራም፤ «አርፕ 2/3» ከተባለው የሰባት ፕሮቲኖች ጥምረት አንዱ ነው፡፡ ጥምረቱ እ.ኤ.አ. በ1994 አካንታሚባ ከተባለች ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረት ተለይቶ ታወቀ፡፡ ሥራው አክቲን በተባለው የፕሮቲን ክር ጎን፣ በ70 ዲግሪ ገደማ፣ አዲስ ቅርንጫፍ ማብቀል ነው፡፡ ነጭ የደም ሕዋስ ጀርም ወዳለበት የሚሄደው እነዚህ ቅርንጫፎች ሽፋኑን ወደፊት ሲገፉለት ነው፡፡

ይህ ፕሮቲን ሲጎድልስ? እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት እንዳሳየው ደም የሚያረጉት ፕሌትሌቶች ይታወካሉ፤ ሕፃኑ ይደማል፣ ቆዳው ይቆጣል፣ ኢንፌክሽን ይመላለስበታል፡፡ በሽታው እጅግ ጥቂት ሰዎችን የሚይዝ ሲሆን፣ የሚመጣው የተበላሸው ዘረ መል ከአባትም ከእናትም ሲወረስ ነው፡፡ ሁለቱም ጤነኛ ተሸካሚዎች ከሆኑ፣ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ የመታመም ዕድሉ ከአራት አንድ ነው፡፡ የወንድማማች ልጆች በአማካይ የዘረ መላቸውን 1/8ኛ ስለሚጋሩ፣ ቢጋቡ አደጋው ይጨምራል፡፡

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ከጎን ዘመድ የሚከለክለው እህትና ወንድምን፣ አክስትና አጎትን ማግባት ብቻ ነው፡፡ መካነ ሰላምን ጨምሮ በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ያለው ክርስቲያን ግን፣ እንደ ሌላው የአማራ ክርስቲያን ሁሉ፣ ከጋብቻ በፊት እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል፡፡ ቆጠራው በሽታውን አያጠፋም፤ ሁለት የተበላሹ ዘረ መሎች የሚገናኙበትን ዕድል ግን ያሳንሳል፡፡ ሕጉ የተወውን ልማዱ ይጠብቃል፤ «ያረጀ ነው» ብሎ ለመጣል መቸኮል አይገባም፡፡