ከመጀመሪያው ፊልም በኋላ፦ ታዳጊ ተዋናይትና የአንድሬ ባዛን ፍርድ

ትዝታ ሀገሬ በ2006 ዓ.ም. ለዕይታ በበቃው “ድፍረት” ፊልም ሂሩትን ሆና ስትተውን ገና ታዳጊ ነበረች። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ጽፎ ያዘጋጀው ይህ ፊልም ከትምህርት ቤት ስትመለስ በፈረሰኞች የተጠለፈች፣ ጠላፊዋን ተኩሳ የገደለችና በነፍስ ግድያ የተከሰሰች ልጅ ታሪክ ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአርሲ የተፈጸመ እውነተኛ ድርጊት ነው። በሰንዳንስ እና በበርሊን ፌስቲቫሎች የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። ስለ ፊልሙ ሲነሳ ጎልተው የሚሰሙት ግን በዋና ፕሮዲውሰርነት ስሟ የሰፈረው አንጀሊና ጆሊ፣ የልጅቱ ጠበቃ መዓዛ አሸናፊ፣ እንዲሁም በነሐሴ 2006 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ምረቃውን ያስቆመው የፍርድ ቤት እግድ ናቸው። ፊልሙን ተሸክማ የወጣችው ልጅ “ተፈጥሯዊ ናት” ተብላ ትታለፋለች።

የኢትዮጵያ ፊልም ከ“ሂሩት አባቷ ማን ነው?” (1957 ዓ.ም.) ወዲህ ያለው ታሪክ በሌሎች ተጽፏል፤ እዚህ መድገም አያስፈልግም። መመርመር ያለበት “ተፈጥሯዊ” የሚለው ቃል ነው። የቃሉን ሐሳብ ከማንም በላይ ያጸናው ፈረንሳዊው ሐያሲ አንድሬ ባዛን ነው።

ባዛን እ.ኤ.አ. በ1948 “ኤስፕሪ” በተባለው መጽሔት ስለ ጣሊያን ኒዮሪያሊዝም (አዲስ እውነታዊነት) ባወጣው ጽሑፍ፣ የእነዚያ ፊልሞች ኃይል ባለሙያ ተዋናዮችን ከተራ ሰዎች ጋር ከመቀላቀል እንደሚመነጭ አስተምሯል። ቅይጡ ግን በባዛን ዓይን አይጸናም። በመጀመሪያ ፊልማቸው ዝና ያገኙ ሕፃናት ቢበዛ ብርቅዬ ልጆች ተብለው ይቀራሉ፤ ጥንካሬያቸው አለመልመዳቸውና የዋህነታቸው ስለሆነ መደጋገምን አይችልም። በዓመቱ ስለ “የብስክሌት ሌቦች” ሲጽፍ ይህንኑ አጠናከረው። የፊልሙ ዳይሬክተር ዴ ሲካ ልጁን ተዋናይ የመረጠው አስተውኖ ሳይሆን አስኬዶ ነው፤ የፈለገው የአባትየውን ሰፊ እርምጃና ከጎኑ የሚሮጠውን አጭር እርምጃ ነበር። ለባዛን ይህ ውዳሴ ነው። ሲመረመር ግን ልጁን ከሠሪነት ወደ ቁስነት ያወርደዋል፦ አዳኙ ዳይሬክተር፣ የተገኘው ልጅ። በዚህ ፍርድ መሠረት የታዳጊ ተዋናይት የሥራ ዘመን በተጀመረበት ፊልም ያበቃል።

ፍርዱን የሚያፈርሰው የፊልም ሥራ ራሱ ነው። አንድ ትዕይንት ከተለያየ አቅጣጫ ይቀረጻል፤ እያንዳንዱ ቀረጻ ይደገማል፤ ቅደም ተከተሉም የታሪኩን አይከተልም። መደጋገም የሚገድለው የዋህነት ቢሆን ኖሮ፣ ሁለተኛው ፊልም ሳይጠበቅ በመጀመሪያው የቀረጻ ቀን በሞተ ነበር። ባዛን ይህን የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ በክርክሩ ውስጥ ግን ቦታ አልሰጠውም። “ድፍረት” በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም የተቀረጸ በመሆኑ እያንዳንዱ ድግግሞሽ ጥሬ ዕቃ ይበላል። ጠመንጃ ይዛ የምትሸሽ ልጅ ፍርሃቱን፣ ትንፋሹንና የእጇን አያያዝ በየድግግሞሹ ካልጠበቀች፣ ምስሎቹ በቅንብር አይገጥሙም። ይህ የሙያ ሥራ ነው።

የፊልሙ ርዕስም ይህንኑ ይመሰክራል። በአማርኛ “ደፈረ” ጀግንነትንም አስገድዶ መድፈርንም ይዟል። ሂሩት መጀመሪያ የምትደፈር ናት፤ ኋላ ደፋር ትሆናለች። ከአንዱ ትርጉም ወደ ሌላው የሚደረገውን መሻገር ጠበቃዋ በንግግር ልታስረዳው ትችላለች፤ ልጅቱ ግን አብዛኛውን በዝምታ፣ በአንገቷና በዓይኗ ትሠራዋለች። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የተጠለፈችውን በጋብቻ ካሰረ ከክስ ያድነው ነበር፤ ይህን በር የዘጋው የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ነው። ተመልካቹ የሕጉን ክብደት የሚያነበው ከአንቀጹ ሳይሆን ከዚያች ልጅ ፊት ነው።

“አልለመደችም” የሚለው ቃል ራሱ ከየት እንደመጣ መጠየቅ አለበት። በጎጃም ልጃገረዶች በዘመን መለወጫ ዋዜማ እንግጫ የተባለውን ሣር ሊነቅሉ ይወጣሉ። አንዷ ዜማ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ ግጥሙ ይፈጠራል፣ አካሉ ይወዛወዛል፣ የሚያይ ሰው አለ። በዓሉ በየዓመቱ ይመለሳል፤ ድግግሞሹም አያደርቀውም፤ ያስለዋል እንጂ። ትዝታ ከዚህ ትምህርት አገኘች ማለት አይደለም፤ የሂሩት መንደርም ጎጃም አይደለም። ነገር ግን በአዴት ወይም በቡሬ ገጠር ያደገች ልጅ ካሜራ ፊት ብትቆም “ያልለመደች” የሚላት ሐያሲ ያልለመደው እሱ ነው።

የባዛንን ፍርድ በዕድሜ ልክ ሥራዋ ያስተባበለችው ግን ግብፃዊቷ ተዋናይት ፋቲን ሐማማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1931 ግብፅ ውስጥ መንሱራ ተወልዳ፣ በ1940 በመሐመድ ከሪም “ደስተኛ ቀን” ከዘፋኙ መሐመድ አብዱልወሃብ ጋር ተወነች። በዚያው ዳይሬክተር ፊልም ዳግመኛ በ1944 ቀረበች። በ1954 በዩሱፍ ሻሂን ፊልም ከኦማር ሸሪፍ ጋር ሠራች፤ በ1959 የጣሃ ሑሴንን ልብ ወለድ መሠረት ባደረገው የሄንሪ በረካት ፊልም መሪ ሆነች። በ1975 “መፍትሔ እፈልጋለሁ” ውስጥ ፍቺ የተነፈገች ሴትን ስትተውን የግብፅን የጋብቻ ሕግ አደባባይ አወጣችው። በ2000 እንኳ በቴሌቪዥን ድራማ ትታይ ነበር። ስልሳ ዓመት ብርቅዬ ልጅ ሆኖ መቆየት አይቻልም።

የ“የብስክሌት ሌቦች” ልጅ ኤንዞ ስታዮላ ከተወሰኑ ፊልሞች በኋላ የሒሳብ መምህር መሆኑን በመጥቀስ ባዛን ልክ ነበር የሚሉ ይኖራሉ። ሙያ መቀየር ችሎታ መድረቁን አያሳይም። አንዲት ተዋናይት ሁሉንም አትወክልም የሚለው ማሳሰቢያ ተገቢ ነው፤ ባዛንም የፈረደው በጥቂት ምሳሌዎች መሆኑ ግን መረሳት የለበትም።

ልዩነቱ ከልጆቹ ተፈጥሮ ይልቅ ከሥራው አደረጃጀት ይገኛል። ካይሮ ውስጥ ስቱዲዮ ምስር እ.ኤ.አ. ከ1935 ጀምሮ ይሠራ ስለነበር ሁለተኛና ሦስተኛ ፊልም ነበረ፤ ፋቲንም በወጣትነቷ የትወና ተቋም ገብታለች። በኢትዮጵያ የቴአትር ጥበባት ትምህርት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከተጀመረ አሥርት ዓመታት ቢያልፉም የሚቀበለው ሁለተኛ ደረጃ የጨረሱትን ነው። ከአዴት 42 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ባሕር ዳር ሙሉዓለም የባህል ማዕከል መድረክ አለው፤ ፊልሙ የሚሠራው ግን በአብዛኛው አዲስ አበባ ነው። በ13 ዓመቷ አንድ ፊልም የሠራች ልጅ ዩኒቨርሲቲው እስኪቀበላት ድረስ አምስት ዓመት ያህል ያለ ሚና ትጠብቃለች።