ከበሰበሰ ድንኳን እስከ ጋለ ክምር፦ የሴሉሎስ ኢንዛይሞች ታሪክ



በፉሪና በአካባቢዋ የጭቃ ቤት ሲሠራ፣ ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ ለቀናት እንዲቦካ ይተዋል። ሠሪው ስማቸውን ባያውቅም ጥቃቅን ሕያዋንን ያሠራል። የዛሬው ንግግሬ የእነዚህን መሰል ሕያዋን ታሪክ ይመለከታል።

የጭድ ዋና አካል የሆነው ሴሉሎስ እንደ ስታርች ሁሉ የግሉኮስ ሰንሰለት ነው። ልዩነቱ በግሉኮሶቹ መያያዣ ላይ ነው፤ የጠላ ብቅል የእህልን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጣል፣ ጭድን ግን አይችልም። ለዚያ ሴሉሌዝ የተባሉት ኢንዛይሞች ያስፈልጋሉ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በደቡብ ፓስፊክ የተሰማራው የአሜሪካ ጦር ድንኳኖች በፈንገስ በሰበሱ። ከሰለሞን ደሴቶች ሸራ ላይ ከተለዩት ፈንገሶች አንዱን ኤልዊን ሪስና ሜሪ ማንዴልስ ለዓመታት አጠኑት። መነሻው ብስባሴን መግታት ነበር። በተለይ እ.ኤ.አ. ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ በኋላ ግን ጥያቄው ተገለበጠ፤ ብስባሴን አፋጥኖ ከዕፅዋት ስኳር፣ ከስኳርም ኢታኖል ማውጣት ተፈለገ። ፈንገሱም በ1977 ለሪስ ክብር ትራይኮደርማ ሪሴይ ተባለ።

የዚህ ፈንገስ ኢንዛይሞች በ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በሚገባ ይሠራሉ፤ ሙቀቱ ከዚያ ብዙ ሲያልፍ ይዳከማሉ። ለፋብሪካ ግን ከፍ ያለ ሙቀት ይጠቅማል፤ ሥራው ይፈጥናል፣ ድብልቁን የሚያበላሹ ተሐዋስያንም ይቀንሳሉ። መፍትሔው የተፈለገው በሚግል ክምር ውስጥ ነው። ጀርመናዊው ሁጎ ሚሄ በ1907 የድርቆሽ ክምር ከራሱ እንዴት እንደሚሞቅ ጻፈ። ኩኒና ኤመርሰን በ1964 ባሳተሙት መጽሐፍ ሙቀት ወዳድ ፈንገሶችን በ50 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሚያድጉ፣ ከ20 ዲግሪ በታች የማያድጉ ሲሉ ለዩአቸው። ከእነዚህ አንዱ ከሆነው ቴርሞአስከስ ኦራንቲያከስ የተገኙ ሴሉሌዞች ከ60 ዲግሪ በላይም ይሠራሉ።

ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ትምህርት ምንድን ነው? ፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ኢታኖል የሚያወጣው ከሞላሰስ፣ ማለትም ከተረፈ ስኳር ነው። ከጭድም እናውጣ የሚል ተመራማሪ፣ ስለ ኢንዛይሙ ጽናት ከመጠየቁ በፊት ስለ ጭዱ ባለቤት ይጠይቅ። ሸራው ከመበስበሱ በፊት የወታደር መጠለያ ነበር፤ ጭዱም ዛሬ ለገበሬው የከብት መኖና የቤት ግድግዳ ነው። በጽሑፎቻችን «ተረፈ ምርት» ስላልነው ብቻ ትርፍ አይሆንም።