እንጀራ የሚጋገርበት ቅጠል

እኛ የኮንዶሚኒየም ልጆች ገበሬ ለመሆን ሞከርን፡፡ ከሕንፃው ጀርባ ባለችው ክፍት ቦታ አንድ መደብ ጎመን፣ አንድ መደብ ቆስጣ፣ ዳር ዳሩን ደግሞ ሦስት የአቮካዶ ችግኝ ተከልን፡፡ ክረምቱ እስኪወጣ ድረስ ጎበዝ አትክልተኞች ነበርን፡፡ ኅዳር ሲገባ ግን ጠዋት ያጠጣነው ውኃ ለምሳ ሰዓት አልደርስ አለ፤ አፈሩም እንደ ተረከዝ ተሰነጣጠቀ፡፡

መፍትሔው አዲስ አይደለም፤ አፈሩን ማልበስ ነው፡፡ የግብርና ባለሙያዎች ጉዝጓዝ ይሉታል፤ በዓል ሲሆን ሳሎን ላይ እንደምንጎዘጉዘው ማለት ነው፡፡ ደረቅ ሣር ወይም ቅጠል ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይነሰነሳል፡፡ ፀሐይ እርጥበቱን እንዳይመጠው ይከልላል፣ አረም ያፍናል፣ የዝናቡን ምት ለአፈሩ ይቀበልለታል፤ ቆይቶ ራሱም በስብሶ አፈር ይሆናል፡፡ አንድ ቅዳሜ አጥሩ ሥር ካሉት ባሕር ዛፎች የረገፈውን ጠርገን ችግኞቹ ዙሪያ መነስነስ ጀመርን፡፡ ሽሮ ሜዳ ያደጉ አንዲት እናት ጎረቤታችን ቆም ብለው አዩንና፣ «እናንተ ልጆች፣ እንጀራ የሚጋገርበትን ቅጠል አፈር ላይ ትደፉታላችሁ?» አሉን፡፡

ሳቅን፡፡ ማታ ላይ ግን ነገሩ አልለቅ አለን፡፡

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር በዙሪያዋ የነበረው ደን ለቤት መሥሪያና ለማገዶ ብዙ አልቆየም፡፡ እንጨት ከመጥፋቱ የተነሣ ዳግማዊ ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው እዚያ ቤተ መንግሥት ሁሉ አሠርተው ነበር (ኋላ ቤተ ክርስቲያን ሆነ)፡፡ ከተማዋን ካለችበት ያቆያት በ1880ዎቹ የገባው፣ የትውልድ አገሩ አውስትራሊያ የሆነው ባሕር ዛፍ ነው፡፡ ይህን ሁላችንም ትምህርት ቤት ተምረናል፡፡ ያልተማርነው የቅጠሉን ታሪክ ነው፡፡

ግንዱ ለቤት ሠሪ፣ ፍልጡ ገንዘብ ላለው፣ ቅጠሉና ጭራሮው ለድሃ ሆነ፡፡ ደረቅ የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይት አለው፤ ቶሎ ይያያዛል፣ ነበልባሉም ምጣዱን ዳር እስከ ዳር ያዳርሳል፡፡ ለእንጀራ ከዚህ የተሻለ የት ይገኛል! እናም ለአሥርት ዓመታት የእንጦጦ ሴቶች ጎሕ ሳይቀድ ተራራውን ወጥተው፣ ከዛፉ ሥር የረገፈውን ጠርገው፣ አንዳንዴ ከራሳቸው ክብደት የማይተናነስ ሸክም አጉብጧቸው ወረዱ፡፡ የደን ጥበቃ ያባርራቸዋል፣ ቁልቁለቱ ያንሸራትታቸዋል፡፡ የከተማው እንጀራ ግን በሰዓቱ ተጋገረ፡፡

ተራራውስ? ጉዝጓዙን በየቀኑ ተገፈፈ፡፡ ባሕር ዛፍ ውኃ በመጠጣት ሲወቀስ መኖሩ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከሥሩ ሌላ ነገር በቀላሉ አይበቅልምም፡፡ ነገር ግን ቅጠሉ ለእሳት በተጠረገበት መሬት ላይ የሐምሌ ዝናብ አፈሩን አጥቦ ሲወስደው ተከሳሹ ዛፉ ብቻ መሆኑ እኛን አላሳመነንም፡፡ መጥረጊያውም ነበረበት፡፡ መጥረጊያውን የያዘችውን ሴት ደግሞ ማን ይከሳታል? የምንበላው እንጀራ ነው የላካት፡፡

የደጋው ገበሬም ያው ነው፡፡ ጭዱ የከብት ቀለብና የቤት ምርግ ነው፤ ቃርሚያው ላይ ከብት ይለቀቅበታል፤ አፈር ይመግብ የነበረው እበት ኩበት ሆኖ ይነዳል፡፡ «ተረፈ ምርቱን ማሳው ላይ ተወው» የሚል ምክር ለዚህ ሰው መስጠት ቀላል ነው፤ ምን ተርፎት? ወደ ጌዴኦ ስንወርድ ሥዕሉ ይለወጣል፡፡ እዚያ ቡናው፣ እንሰቱና ትልልቁ ዛፍ አንድ ላይ ይኖራሉ፡፡ የደረቀ የእንሰት ቅጠልና የታጨደ አረም እዚያው ቡናው ሥር ይነጠፋል፤ አፈሩም ገደላገደል ላይ ሆኖ ዘመናት ቆይቷል፡፡ ዩኔስኮ ያን መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል፡፡ የጌዴኦ ገበሬ ከጎጃም ገበሬ የበለጠ አዋቂ ስለሆነ አይመስለንም፤ ቅጠል የሚተርፍበት ጓሮ ስላለው ነው፡፡

በከተማችን ቅጠሉ ዋጋ ያጣው የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲስፋፋ ነው (ለሁሉም ቤት እኩል አልደረሰም፤ መብራት ሲጠፋማ ሁላችንም እናውቀዋለን)፡፡ እንጦጦም በ2013 ዓ.ም. ፓርክ ሆኖ ተመርቋል፡፡ ዛሬ በየግቢው የረገፈው ቅጠል ተጠርጎ በማዳበሪያ ተሞልቶ ለቆሻሻ ይወጣል፡፡ በማዳበሪያ! ስሙን ስንጠራው አንሰማውም እንዴ? የበዓሉ ቄጠማም በማግስቱ ያው ነው ዕጣው፡፡

እኛ የመስቀሉን ቄጠማ አድርቀን አስቀምጠን ስለነበር ጎመኑን በእሱ አለበስነው፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል ለጨቅላ አትክልት አይመችምና ለአቮካዶዎቹ ብቻ ተውነው፡፡ በሳምንቱ ጎረቤታችን ተመልሰው መጡ፡፡ ጎንበስ ብለው ችግኙን አዩ፤ ግንዱን ተጠግቶ የተከመረውን ቅጠል በእጃቸው አንድ ስንዝር ያህል ወደ ኋላ ገፋ ገፋ አደረጉት፡፡ «እንዲህ ካፈናችሁት ይበሰብሳል» አሉን፡፡ ከዚያ አንድ ጭብጥ ቅጠል አንሥተው ጨመቅ አደረጉና ድምፁን አዳመጡ፡፡

«ደርቋል፤ ጥሩ ይነድ ነበር፡፡»