«ለአቅመ ሔዋን መድረስ»፦ የጉርምስና ምልክቶች የጥናት ታሪክና የወላጆች ዝግጅት

በአማርኛ አንድ ልጅ ከልጅነት መውጣቱ የሚገለጸው «ለአቅመ አዳም ደረሰ»፣ «ለአቅመ ሔዋን ደረሰች» በሚል የቆየ አነጋገር ነው። አነጋገሩ ጉርምስናን እንደ አንድ ደጃፍ ያየዋል፤ ትናንት ያልደረሰው ልጅ ዛሬ ደርሷል። ይህ አስተያየት የአማርኛ ተናጋሪው ብቻ አይደለም። አርስቶትል በወንድ ልጅ ላይ ዘር መታየት የሚጀምረው በሁለት ጊዜ ሰባት፣ ማለትም በ14 ዓመት ገደማ መሆኑን ጽፏል። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ንጉሠ ነገሥት ዩስቲንያኖስ የወንዶችን አካል እየመረመሩ መድረሳቸውን መወሰን ነውር ነው በማለት ወሰኑን በ14 ዓመት አጸና፤ የሴቶቹ 12 ዓመት ነበር። ሕዝቡም ሆነ ሕጉ የሚከተለው የማይደበቀውን ምልክት ነው፦ የወር አበባን፣ የድምፅ መጎርነንን፣ የጢም ማቆጥቆጥን።

ወላጆችም ልጃቸውን ለማነጋገር የሚጠብቁት ይህንኑ ምልክት ነበር፤ ዛሬም በብዙ ቤት እንዲሁ ነው። ይሁን እንጂ ባለፉት ሁለት መቶ ስልሳ ዓመታት የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ወላጅ የሚጠብቀው ምልክት የሚመጣው ጉዞው ከተጋመሰ በኋላ ነው። የዚህ ግኝት ታሪክ ለጤና ባለሙያው ተግባራዊ ትርጉም ስላለው በአጭሩ ይቀርባል።

አባት የለካው ልጅ

የጉርምስና ጥናት የተጀመረው በአንድ ቤት ውስጥ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። ፈረንሳዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ጌኖ ደ ሞንቤያር፣ ልጁ ከተወለደበት እ.ኤ.አ. ከ1759 ጀምሮ እስከ 1777 ድረስ በየስድስት ወሩ ገደማ ቁመቱን እየለካ መዘገበ። ወዳጁ ቡፎን መዝገቡን በተፈጥሮ ታሪክ መጽሐፉ ተጨማሪ ቅጽ ውስጥ አሳተመው። በጥንቱ የፈረንሳይ መለኪያ የተጻፈውን ይህን መዝገብ አሜሪካዊው ስካሞን እ.ኤ.አ. በ1927 ወደ ሴንቲሜትር መልሶ በድጋሚ ለአንባቢ አቀረበው።

ከመዝገቡ የሚነበበው ነገር ግልጽ ነው። የልጅ የዕድገት ፍጥነት ከልደት ጀምሮ እየቀነሰ ይሄዳል፤ በጉርምስና ጊዜ ግን እንደገና ተነሥቶ ያሻቅባል፤ ከዚያም ወርዶ ይቆማል። ጉርምስና እንግዲህ መነሻ፣ ከፍታና ማብቂያ ያለው የዓመታት ሂደት ነው።

ዕድሜ እኩል፣ እርምጃ ልዩ

አንድን ልጅ መለካት ሂደቱን ቢያሳይም ልጆች እርስ በርሳቸው የሚለያዩበትን ምክንያት ሊያስረዳ አይችልም ነበር። ይህን የፈታው ፍራንዝ ቦአስ ነው። ቦአስ እ.ኤ.አ. በ1891 በአሜሪካ ዉስተር ከተማ፣ በክላርክ ዩኒቨርሲቲ ሳለ፣ የትምህርት ቤት ልጆችን በተከታታይ መለካት ጀመረ። የከተማው ጋዜጣ ልጆች መለካታቸውን አጥብቆ ቢቃወምም ሥራው ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ1892 ባወጣው ጽሑፍ እኩል ዕድሜ ያላቸው ልጆች የሚለያዩት በዕድገት እርምጃቸው ፈጣንና ዘገምተኛ በመሆናቸው ጭምር መሆኑን አስረዳ። በ12 ዓመቱ ከጓደኞቹ ያጠረ ልጅ ታሟል ወይም ቀርቷል ማለት ላይሆን ይችላል፤ እርምጃው የዘገየ ሊሆን ይችላል።

በዚያው ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት የነበረው ስታንሊ ሆል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1904 በሁለት ቅጽ ባሳተመው መጽሐፉ ጉርምስናን የማዕበልና የነውጥ ዘመን አድርጎ ሣለው። የቦአስ ተማሪ ማርጋሬት ሜድ እ.ኤ.አ. በ1928 ስለ ሳሞአ ልጃገረዶች በጻፈችው መጽሐፍ ነውጡ የተፈጥሮ ግዴታ ሳይሆን የአስተዳደግ ውጤት ነው ብላ ተከራከረች። የእርሷም ድምዳሜ በኋላ ብርቱ ተቃውሞ ገጥሞታል። ክርክሩ እልባት ባያገኝም፣ ልጁ የሚያድግበት ቤት ለለውጡ የሚሰጠው ትርጉም የጥናት ጥያቄ ሆኖ መቅረቡ የዚያ ዘመን ፍሬ ነው።

ሃርፐንደን

ዛሬ በየሕክምና ትምህርት ቤቱ የሚሰጡት አምስቱ የጉርምስና ደረጃዎች የተገኙት ከለንደን በስተሰሜን በምትገኘው ሃርፐንደን ከተማ ነው። ጄምስ ታነር ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በዚያ በነበረ የሕፃናት ማሳደጊያ የሚኖሩ ልጆችን ከባልደረባው ከኋይትሃውስ ጋር ለብዙ ዓመታት በተከታታይ ለካ። ልጆቹ ልብሳቸውን አውልቀው ፎቶግራፍ ይነሡ ነበር፤ ይህ አሠራር ዛሬ በሥነ ምግባር ኮሚቴ ፊት ከባድ ጥያቄ ባስነሣ ነበር። ወላጆች ልጆቻቸውን እንዲያዘጋጁ የሚረዳው እውቀት የተገኘው ከወላጆቻቸው ተለይተው ካደጉ ልጆች አካል መሆኑንም ልብ ማለት ይገባል።

ማርሻልና ታነር እ.ኤ.አ. በ1969 የ192 ሴቶችን፣ በ1970 ደግሞ የ228 ወንዶችን ውጤት አሳተሙ። በሴቶቹ ላይ ጡት ማጎጥጎጥ የጀመረው በአማካይ በ11.15 ዓመት ሲሆን የወር አበባ የመጣው በ13.47 ዓመት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ በአማካይ 2.3 ዓመት መሆኑ ነው። የወር አበባ የታየው ደግሞ ቁመት በፍጥነት የሚመዘዝበት ጊዜ ካለፈ በኋላ ነበር። እናት «አሁን ጀመረች» የምትልበት ቀን፣ በሐኪሙ ሰንጠረዥ ላይ ወደ ሂደቱ ማብቂያ የተጠጋ ነው።

የወንዶቹ ውጤት ከዚህ ባላነሰ የሚያስገርም ነበር። ቁመታቸው በፍጥነት የሚመዘዘው ከሴቶቹ ሁለት ዓመት ያህል ዘግይቶ ቢሆንም፣ የመጀመሪያው ለውጥ፣ ማለትም የዘር ፍሬ ማደግ፣ የታየው በአማካይ በ11.64 ዓመት ነው። ከሴቶቹ የሚዘገየው በስድስት ወር ገደማ ብቻ ነው። የወንድ ልጅ ጉርምስና በጣም የሚዘገይ የሚመስለው መጀመሪያው ከወላጅ ዓይን የተሰወረ በመሆኑ ነው።

እነዚህ ዕድሜዎች በአንድ ሀገር፣ በአንድ ወቅት የተገኙ በመሆናቸው እንዳሉ ወደ ሌላ ሕዝብ የሚገለበጡ አይደሉም። የምግብ እጥረት ጉርምስናን ያዘገያል፤ የኑሮ መሻሻል ያፋጥነዋል። እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ ከ17,000 በላይ ልጃገረዶች ላይ ተደርጎ የታተመ ጥናት የጡት ማጎጥጎጥ በነጮቹ ወደ 10፣ በጥቁሮቹ ወደ 9 ዓመት ገደማ መውረዱን ሲያሳይ፣ የወር አበባ ዕድሜ ግን ያን ያህል አልወረደም። ዕድሜው ቢለያይም፣ ብዙውን ጊዜ ጡት የሚቀድም፣ የወር አበባ የሚከተል መሆኑ በልዩ ልዩ ሕዝቦች ዘንድ ታይቷል።

ከመለካት ወደ ማዳመጥ

እ.ኤ.አ. በ1951 ሮዝዌል ጋላገር በቦስተን የሕፃናት ሆስፒታል ለአፍላ ወጣቶች ብቻ የሚያገለግል ክፍል ከፈተ። ጋላገር ቀደም ሲል የአዳሪ ትምህርት ቤት ሐኪም ሆኖ ሠርቷል። የአሠራሩ መሠረት በሽታውን ሳይሆን ልጁን ማከም፣ ለዚህም ልጁን ለብቻው ማነጋገር ነበር። ከእርሱ ወዲህ የተስፋፋው አሠራር ወላጅንም አልዘነጋም፤ ሐኪሙ ለውጡ ሳይመጣ ለወላጁ አስቀድሞ የሚሰጠው ምክር እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካ በወጣ የሕፃናት ጤና ክትትል መመሪያ ውስጥ በየዕድሜው ተዘርዝሮ ቀርቧል።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ በብዙ ቤተሰብ ስለ ወር አበባ ለልጅቷ የሚነግሯት አክስት፣ አያት ወይም ታላቅ እኅት ናቸው። ስለ ሕልመ ሌሊት ለወንዱ ልጅ የሚነግረው ግን አብዛኛውን ጊዜ የለም። ከዝምታው የከፋው ምልክቱ የሚሰጠው ትርጉም ነው። የወር አበባ የጋብቻ ደወል ተደርጎ በተወሰደበት አካባቢ ልጅቷ «ደርሳለች» ተብላ ትዳራለች፤ በአንዳንድ ሥፍራም ምልክቱ ሳይታይ ትዳር ነበር።

ሕክምናው ይህን «መድረስ» አይቀበልም። ሞርማን እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተመችው ጥናት የወሊድ መተላለፊያ የሆነው የዳሌ አጥንት ከቁመት ዘግይቶ እንደሚያድግ፣ የወር አበባ ከመጣ በኋላም ለዓመታት መስፋቱን እንደሚቀጥል አሳይታለች። ልጅቷ ማርገዝ ትችላለች፤ ለመውለድ ግን አካሏ ገና ነው። ሬጂናልድና ካትሪን ሃምሊን እ.ኤ.አ. በ1974 በመሠረቱት የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል ከታከሙት መካከል በልጅነታቸው ተድረው ለቀናት ያማጡ እናቶች ይገኙበታል። የፊስቱላ ዋነኛ ምክንያት ወቅታዊ የወሊድ ሕክምና ማጣት ቢሆንም፣ ያልበሰለ ዳሌ ምጡ እንዲታገት ያደርጋል።

ሕጉም ቀስ በቀስ ተለውጧል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለወንድ 18፣ ለሴት 15 ዓመት አድርጎ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ለሁለቱም 18 ዓመት አደረገው፤ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም ያለ ዕድሜ ጋብቻንና የሴት ልጅ ግርዛትን በቅጣት ደነገገ። ኑሮው ግን ከሕጉ ኋላ ቀርቷል። ከ25 እስከ 49 ዓመት ባሉ ሴቶች ዘንድ የመጀመሪያ ጋብቻ መካከለኛ ዕድሜ እ.ኤ.አ. በ2005ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 16.1፣ በ2016ቱ ደግሞ 17.1 ዓመት ነበር።

ለጤና ባለሙያው

ከዚህ ታሪክ የሚወሰደው ዋና ትምህርት ወላጅ የሚዘጋጅበት ጊዜ መኖሩ፣ ጊዜውም ወላጁ ከሚያስበው ቀድሞ የሚመጣ መሆኑ ነው። ጡት ሲያጎጠጉጥ ያየች እናት የወር አበባ እስኪመጣ ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓመት ያህል አላት። በዚህ ጊዜ የወር አበባ ምን እንደሆነ፣ ንጽሕናው እንዴት እንደሚጠበቅ፣ በሽታም ነውርም አለመሆኑን ማስተማር፣ ልጅቷንም ከትምህርት ቤት እንዳትቀር ማዘጋጀት ይቻላል። የወንዱ ልጅ መጀመሪያ ስለማይታይ አባት ምልክት ሳይጠብቅ በ10 ዓመት ገደማ ንግግሩን ቢጀምር ይመከራል። ሕልመ ሌሊት የጤና መሆኑን፣ በብዙ ወንዶች ልጆች ላይ የሚታየው የጡት ማበጥም አብዛኛውን ጊዜ በራሱ እንደሚጠፋ አስቀድሞ የሰማ ልጅ ከብዙ ጭንቀት ይድናል።

በሴት ልጅ ከ8፣ በወንድ ልጅ ከ9 ዓመት በፊት ምልክት ከታየ፣ ወይም ሴቷ እስከ 13፣ ወንዱ እስከ 14 ዓመት ምንም ምልክት ካላሳዩ ምርመራ ያስፈልጋል። የወር አበባ እስከ 15 ዓመት ካልመጣም እንዲሁ። በእነዚህ ወሰኖች መካከል ያለው ልዩነት ግን ቦአስ እንዳስረዳው በአብዛኛው የእርምጃ ልዩነት ነው፤ ወላጅ ልጁን ከጎረቤት ልጅ ጋር እንዳያወዳድር ይህ ሊነገረው ይገባል።

የ9 ዓመት ልጅ ጤና ጣቢያ አዘውትሮ አይታይም። የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት በ2011 ዓ.ም. ሲጀመርም ያነጣጠረው በ14 ዓመት ልጃገረዶች ላይ ነበር፤ በዚያ ዕድሜ አብዛኞቹ የመጀመሪያዎቹን ምልክቶች አልፈዋል። ነገር ግን ጨቅላዋን ልታስከትብ የመጣች እናት ቤቷ የ9 ዓመት ልጅ ሊኖራት ይችላል። «የታላቅየዋ ዕድሜ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ገንዘብም መሣሪያም አያስፈልገውም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም በቤት ለቤት ጉብኝቷ ይህንኑ መጠየቅ ትችላለች። እናትና አባት የወር አበባ ማለት «ደረሰች» ማለት ሳይሆን «በመንገድ ላይ ናት» ማለት መሆኑን ምልክቱ ከመታየቱ በፊት ከሰሙ፣ ልጅቷ በትምህርቷ የምትቀጥልበትና አካሏ የሚበስልበት ጊዜ ታገኛለች።